አየር በመርከብ ሲጫን

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እኔ በቀልዴ እንጂ በቁም ነገሬ የምታወስ ሰው አይደለሁም። ይህችን ሳስታውስ ግን አፌ ይያዛል። ሚስቴ እንደውም "በትዳራችን ዝም ያልክባት ቀን" ትላታለች።

ያኔ ሲያትል ወደብ አጠገብ አንድ የጭነት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ቴኮ የሚባሉ ሽማግሌ የፕላስቲክ የውሃ ታንከር በፒክአፕ አስጭነው መጡ። ስሟን ሦስቴ ነግረውኝ ሦስቴም ወደጠፋችብኝ የፓስፊክ ደሴታቸው ሊልኩት ነው። ታንከሩ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ካለው አፓርታማዬ ሳሎን ይሰፋል ብል አላጋነንኩም።

ዋጋ የሚተምነው የወሎው ልጅ ነጂብ በሜትር ለካና ነገራቸው። ሽማግሌው ወንበር ፈለጉ። ማጓጓዣው ከታንከሩ መግዣ ይበልጣል!

"ልጄ፣ ባዶ እኮ ነው። ውስጡ አየር ነው" አሉት።

"ኦኬ አባባ፣ ግን የሚከፈለው ለቦታው ነው። አየርም ቦታ ይይዛል።" የምናወራው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ነጂብ ሽማግሌ ካየ "አባባ" ማለት አይተውም።

ለምን እንዲህ እንደሚወደድ ጠየቅኳቸው።

"ትልቁ መርከብ እኛ ዘንድ አይደርስም። ሌላ ደሴት ላይ ይራገፍና በትንሽ መርከብ እንደገና ይጫናል። ክሬን የለንም፤ ባሕር ላይ በጀልባ ነው የምንቀበለው። ዕቃው ለነካው እጅ ሁሉ ይከፈላል።" ታንከሩን መታ መታ አደረጉት። "የመንደራችን ጉድጓድ ጨው ሆኗል። ዝናቡ ሊገባ ነው፤ የምናጠራቅምበት የለንም። ይህ መርከብ ቅዳሜ ካመለጠን ቀጣዩ ከሦስት ወር በኋላ ነው።"

የእኔ ምላስ መቼ ያርፋል! "አባባ፣ እኛ አገር ቤት ስንሄድ ጫማ እንኳ ባዶውን ሻንጣ አይገባም። ካልሲ ይጠቀጠቅበታል፣ ካልሲው ውስጥ ሽቶ፣ በሽቶው ዙሪያ የጎረቤት አደራ። እርስዎ ይህን የሚያህል ጫማ ባዶውን ሊሰዱ ነው?"

ነጂብ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። ስልክ እንድናስደውላቸው ጠየቁን።

ዓርብ ጠዋት የመጣው ሲያትል የሚኖር የአገራቸው ሰው! ደሴቷ ላይ የቀረ ያለ አልመሰለኝም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለዘመዶቹ የሚልከውን ተሸክሟል፤ ከማጓጓዣው ዋጋም ድርሻ ድርሻውን ይዟል። አንዲት ቀጭን ሴትዮ በታንከሩ አፍ ገቡ። የቀሩት ተሰልፈው እየዘፈኑ ያቀብሏቸው ጀመር፤ ሩዝ፣ ሳሙና፣ የዓሣ መረብ፣ ደብተር፣ ድስት በድስት ውስጥ። ነጂብ ይመዘግባል፣ እኔ ክብደቱ እንዳያልፍ እመዝናለሁ። ሻንጣ በመጠቅጠቅ የሚበልጠን የለም ስል የኖርኩ ሰውዬ እጄን ሰጠሁ። ሴትዮዋ ራሳቸው በመጨረሻ የወጡት ተጎትተው ነው።

ቅዳሜ መርከቡ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። ሰማይ ጠቀስ ሆኖ ከተደረደረው ኮንቴይነር መሃል የአንድ መንደር መጠጥ ውሃ አለ። ወደዚያ ማለቂያ የሌለው ባሕር ሲገባ መርከቡ ራሱ አንዲት ጤፍ አከለ። ቤት ገብቼም ለሚስቴ የምናገረው ጠፋኝ።

ከወራት በኋላ ሽማግሌው መጋዘን ድረስ መጡ። "ደርሷል! ዝናቡም ሞልቶታል። ውሃው ሳሙና ሳሙና ይላል ብለው አማረሩ፤ ግን ጠጡት" አሉኝና እጄን ይዘው ቆዩ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስንቱን አስቄአለሁ። ሰው ያጠጣው ግን ያ ሽማግሌው ያልሳቁበት ቀልዴ ብቻ ነው።