ሃግሴትራ የጠበቀችኝ ጠንቋይ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ሰፈሬ ገና አልነቃም። አጥሩ ሥር ሻንጣዬን አቁሜ የጠራሁትን ታክሲ እጠብቃለሁ። ሻንጣው ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሁለት ነጠላና በሦስት ፌስታል የተጠቀለለ ባለ ሁለት ሊትር ሀይላንድ ጠበል አለ። ጠበሉን ያዘዘችኝ ታናሽ እህቴ ብዙነሽ ናት። ስቶክሆልም ከገባች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን «ነይልኝ» ብላኝ አታውቅም። ክረምቱ ሲወጣ ግን ደውላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ማህሌት ጠንቋይ ሆናብኛለች። አንቺን ትሰማለች፤ ድረሺልኝ» አለችኝ።

ማህሌት አንድ ልጇ ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ። እኔ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ቀደም ብዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ስለ ጠንቋይ የማውቀው እንደማንኛችሁም ነው። ምላሴ ግን ረጅም ነው ይሉኛል፤ ለዚህ ሳልጠራ አልቀረሁም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እያልኩ ታክሲው ውስጥ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ማታ 1 ሰዓት፣ ከአርላንዳ ወደ ሃግሴትራ

በሁለት አውሮፕላን ደረስኩ። ብዙዬ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ጠብቃኝ በባቡር ወደ ከተማ ገባን፤ ከዚያ ደግሞ እነሱ ቱነልባና የሚሉት የመሬት ውስጥ ባቡር። አረንጓዴው መስመር፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ እስከ ብዙዬ ሰፈር ሃግሴትራ። ብርዱ በጥቅምት እንዲህ ከሆነ በጥር ምን ሊሆን ነው?

ባቡሩ ውስጥ ክው ያልኩት ገና እንደተቀመጥኩ ነው። ፊት ለፊቴ ያለችው ልጅ አናቷ ላይ ቢላ ተሰክቷል። ደም በግንባሯ ወርዶ አገጯ ላይ ደርቋል። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ስልኩን ያነባል። ከኋላው አንዲት እናት አጽም የለበሰ ሕፃን ታቅፋ ጡጦ ታጠባዋለች። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ።

«እትዬ፣ አትፍጠጪ» አለችኝ ብዙዬ። «ሃሎዊን ስለደረሰ ነው። ቢላው ላስቲክ ነው። የልጆች ጨዋታ ነው።»

«የልጆች ጨዋታ ከሆነ እኔን ምን ብለሽ ነው የጠራሽኝ?»

እስከ ሃግሴትራ ድረስ በመስኮቱ የሌለውን ነገር ስታይ ሄደች።

ሃግሴትራ አደባባዩ ላይ ጥርስና ዓይን የተቀረጸለት ዱባ በአርባ ክሮነር ይሸጣል። እኔ ዱባ የማውቀው ለወጥ ነው። ፎቆቹ በረንዳ ላይ አጽም ተንጠልጥሏል፤ አንዱ አጽም ሻርፕ ለብሷል። የብዙዬ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። በሩን የከፈተችልን ማህሌት ናት፤ ከንፈሯ ጥቁር፣ ጥፍሯ ጥቁር፣ ቀሚሷ እስከ መሬት ጥቁር። ድርቅ ብዬ ቆምኩ። እሷ ግን ሦስቴ ሳመችኝ፤ «እንኳን ደህና መጣሽ አክስቴ» ብላ ሻንጣዬን ተቀብላ ለብ ያለ ውሃ አመጣችልኝ። እንዲህ ያለ ጨዋ ጠንቋይ በዕድሜዬ አላየሁም።

ረቡዕ፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ሃግሴትራ

ብዙዬ ሥራ ሄዳለች፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች ትረዳለች። ማህሌት ትምህርት ቤት ናት። ክፍሏን ከፈትኩት። መቼም ለዚህ ነው የመጣሁት።

ጥቁር ሻማ በረድፍ። የደረቀ ጽጌረዳ ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል። ግድግዳው በሥዕል ተሞልቷል፤ መጥረጊያ ላይ የተቀመጡ አሮጊቶች፣ የሌሊት ወፍ፣ ሹል ጣሪያ ያለው ቤተ መንግሥት። መርፌ፣ ክር፣ የስፌት መኪና። በመስኮቱ በኩል ደግሞ አንዲት ጠንቋይ ቆማለች። ቁመቷ እንደኔ። ከመጋረጃ ጨርቅ የተሰፋ ጥቁር ቀሚስ፣ አንገቱ እስከ ጆሮ የቆመ፣ ሹል ባርኔጣ፤ ፊቷ የጭቃ ሆኖ ዓይኗ በቀጥታ እኔን ያያል።

ጠበሉን አወጣሁ፤ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ከአናቷ ጀምሬ አወረድኩት። መርጨት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ፈርቼ ሀይላንዱን ሙሉ አፈሰስኩት። ጭቃው አልደረቀም ኖሯል። መጀመሪያ አፍንጫዋ ወረደ። ቀጥሎ አንዱ ዓይን። ጉንጯ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ጧ አለ። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ጠበሉ ሠራ ብዬ እልል ማለት ቃጣኝ።

ማህሌት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

«ቫ ሃር ዱ ጆርት?» አለች። ስዊድንኛ አልችልም፤ ምን አደረግሽ ማለቷን ግን ፊቷ ነገረኝ።

«ጠበል ነው የኔ ልጅ። ለደኅንነትሽ ብዬ ነው።»

ተንበርክካ ጭቃውን በመዳፏ ሰበሰበች። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ በተሻለኝ ነበር። «ሦስት ሳምንት ሠራኋት» አለች በዚያ ሰበር ሰበር በሚል አማርኛዋ። «ዓርብ አልቢ ሰፈር የወጣቶች የሃሎዊን ኤግዚቢሽን አለ። እሷን ነበር የማቆመው። ደግሞ እኮ፣ አክስቴ፣ ያንቺ አያት ናት።»

«ማን?»

«ጥሩወርቅ። ሸክላ የምትሠራዋ። ስሟን ቀሚሷ ጠርዝ ላይ ጠልፌዋለሁ። እዪው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። በቀይ ክር፣ ፊደሉ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጠመም ጠመም ያለ፤ ጥሩወርቅ። ደነዘዝኩ። ይህ ስም በቤታችን ከተጠራ ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

አንባቢዬ፣ እኛን የወለደን አገር ሸክላ ሠሪን ቡዳ ይላል። ዓይኗ ሰው ይበላል ይላታል፤ ልጁን ይከልልባታል። አባታችን ከጎጃም አዲስ አበባ ሲገባ ከነጫማው አቧራ መጀመሪያ ያራገፈው እናቱን ነው። እኛንም «አያታችሁ ሞታለች በሉ» አለን። አልሞተችም ነበር።

ማታ ብዙዬ ስትመጣ የፈረሰውን ፊት አየችና፣ «እንኳንም ፈረሰ» አለች። እንደዚህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «እኔን ጠንቋይነቷ አላስጨነቀኝም፣ እትዬ። ጥቁሩንም ለምጄዋለሁ። ስሙ ነው። እዚህ ያለነው ስንት ሰው ነን? ሁሉም ይተዋወቃል። ያንን ስም አደባባይ ካወጣችው ማን ከኛ ጋር ማዕድ ይቀርባል?» ወደ ልጇ ዞረች። «ዓርብ ስሟን ይዘሽ ከወጣሽ እዚህ ቤት አትመለሺ።»

«እሺ» አለች ማህሌት።

ሐሙስ፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ሃግሴትራ–ሄሰልቢ

ያጠፋሁትን ልክስ አብሬያት ወጣሁ። የሸክላ መምህሯ የምትኖረው ሄሰልቢ ነው፤ በአረንጓዴው መስመር ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። መጀመሪያ ዋሻ፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ቀጥሎ ቅጠሉን የጨረሰ ዛፍ።

«ስለ ጥሩወርቅ ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ቤተ ክርስቲያን ነው። ወይዘሮ ዘነበችን ታውቂያለሽ? አባትሽ አገር የተወለደችው። አምና ለልጅ ልጇ ክርስትና ሄድን። ሕፃኗን ልያት ብዬ ጎንበስ ስል በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነችብኝ። ሜካፔ መሰለኝ። በሳምንቱ ፊቴን ታጥቤ፣ ነጭ ለብሼ ሄድኩ። እንደገና ሸፈነችብኝ። ልጇን ለምን ብዬ ጠየቅኳት። አፍራ፣ አልቅሳ ነገረችኝ።»

ይኼ ነገር ጎጃምን ለቆ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ የስደት ወረቀት ሞልቶ ስቶክሆልም ይገባል ብሎ ማን ያስባል? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼው ነው።

«ጠንቋይ እኔ ከሕፃንነቴ ነው የምወደው» አለች፤ ዓይኗ በራ። «እዚህ ለፋሲካ ልጆች እንደ ጠንቋይ ለብሰው፣ ሻርፕ አስረው፣ ማንቆርቆሪያ ይዘው ከረሜላ ይለምናሉ። አምስት ዓመቴ ላይ ልብሱን አላወልቅም ብዬ ሳምንት ተኛሁበት። ከዚያ ስፌት ተማርኩ፣ ሥዕል ተማርኩ። ድሮ እዚህም ሴቶችን ጠንቋይ ናችሁ ብለው ገድለዋቸዋል፤ አሁን ግን ልጆች ይለብሷቸዋል። የራሳችን እንዳለችን ግን አላውቅም ነበር፣ አክስቴ።»

የራሳችን። ቃሉን የተናገረችው ቅርስ እንዳገኘ ሰው ነው።

መምህሯ ቀጭን አሮጊት ስዊድናዊት ናት፤ ጭቃ በፌስታል ሞልታ ሰጠችን፤ ቀረፋ ያለው ዳቦ ሳታበላንም አልለቀቀችንም። ማታ ማእድ ቤት ጋዜጣ አንጥፈን ተቀመጥን። ማህሌት እጇን አርጥባ፣ «በፊት ዝም ብዬ ነው የሠራኋት። ፎቶ የላትም። ያየሻት አንቺ ብቻ ነሽ፤ እንዴት ነበረች?» አለችኝ።

ግንባሯ ሰፊ ነበር አልኳት። ጉንጯ ገባ ያለ። ማህሌት ስትጫን እኔ «ትንሽ አጥብቢው» እላለሁ። እንዲህ ስንል ስንል ነገሩ በራሱ ከአፌ ወጣ። ሰባት ዓመቴ ነበር። አያቴ የልጇን ቤት ጠይቃ ጠይቃ፣ ድስት በጀርባዋ አዝላ በራችን ላይ ደረሰች። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ገመድ እዘላለሁ። አንዷ «ማናት?» አለችኝ። አውቃታለሁ፤ ክረምቱን አባቴ ደብቆ ወስዶኝ እቅፏ ውስጥ ተኝቻለሁ። «ሸክላ ሻጭ ናት» አልኩ። አያቴ ሰምታኛለች። ድስቱን በራችን ላይ አስቀምጣ፣ ልጇን ሳታይ ተመለሰች።

ይህንን ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ማህሌት አቀፈችኝ፤ ቀሚሴ በጭቃ ተበላሸ። ቀና ስል ብዙዬ በሩ ላይ ናት። ስንት ሰዓት እንደቆመች እንጃ። ጠጋ ብላ የጭቃውን ፊት አየችው።

«አፍንጫዋ እንዲህ ነበር?»

«ልክ እንዲህ።»

«የኔ እኮ ነው» አለችና ወደ መኝታዋ ሄደች።

ዓርብ፣ ቀን 10 ሰዓት፣ አልቢ

የጥሩወርቅን እርጥብ ፊት ጭኔ ላይ አስቀምጬ በቀዩ መስመር አልቢ ደረስን። ባቡር ውስጥ የሰው ፊት ታቅፎ ለተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ብዙዬ ጠዋት ሳትሰናበተን ነው ወደ ሥራ የወጣችው። ማህሌት የጥርስ ብሩሿንና ሁለት ቀሚስ በቦርሳዋ ይዛለች፤ ጓደኛዋ ዘንድ ልታድር።

አዳራሹ ውስጥ የካርቶን የሬሳ ሣጥን፣ በሽቦ የተሠራ የሌሊት ወፍ፣ ከወንበር የሚነሣ አጽም። ሕፃናት ይጯጯሃሉ። የኛ ጥሩወርቅ ግን በቆመችበት በኩል ዝም ይላሉ። ከባርኔጣዋ ሥር ያ ገባ ያለ ጉንጭ፣ በእጇ ትንሽ ድስት። አንዷ ወጣት ቀሚሱን ነክታ አለቀሰች። ደረቴ ነፋ አለ።

በዚህ መሃል ወይዘሮ ዘነበች የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው መጡ። «ከአዲስ አበባ መጡ ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ እንኳን ደኅና ገቡ» አሉኝ። ቀጥለው ቀና ብለው አዩዋት። «ይህቺ ደግሞ ማን ናት?»

ማህሌት አጠገቤ ናት። መልሱ አፌ ላይ ነው። «ኧረ የልጅ ነገር ነው፣ የቲያትር ልብስ ነው» አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን ሲያመልጠኝ አወቅሁት። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት የቀረኝ ሴት፣ ትናንት የተናዘዝኩትን ነገር ዛሬ ደገምኩት። ማህሌት አልተቆጣችም፤ እንደማታውቀኝ ሰው አየችኝ።

«አያታችን ናት» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ብዙዬ ናት። የሥራ ጃኬቷን እንደለበሰች፣ ጸጉሯ በነፋስ ቆሞ። «ጥሩወርቅ ትባላለች፣ ሸክላ ሠሪ ናት። እርስዎ ሳያውቋት አይቀሩም፣ ወይዘሮ ዘነበች።»

ሴትዮዋ ጠርዙ ላይ ያለውን ስም ቆመው አነበቡ። «አውቃታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «በአገሩ ከእሷ ድስት ያልበላ አልነበረም።» ከዚያ የሕፃኗን ፊት በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ።

ብዙዬ ማህሌትን፣ «ያንን ቦርሳ አምጪው፣ ወደ ቤት ነው የምንሄደው» አለቻት። እኔን ደግሞ በአንድ እጇ ክንዴን ያዘችኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቦሌ

ፀሐዩ ጥሩ ነው። ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ ተጫዋች ጎረምሳ ነው፤ በመስታወቱ እያየኝ፣ «ከየት ነው እናቴ?» አለኝ።

«ከስዊድን።»

«ምን አይተው መጡ?»

«አያቴን።»

ሳቀ። «እስካሁን አሉ? ዕድሜ ሰጥቷቸዋል።»

«ከሞተች ቆይቷል። ጥሩወርቅ ትባላለች። ጎጃም ሸክላ ሠሪ ነበረች። እኔ የልጅ ልጇ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። መብራት ሲይዘን እጁን ሰደደና መስታወቱን ቀስ አድርጎ ወደ ጣሪያው አዞረው። ዓይኔ ከዓይኑ እንዳይገናኝ ነው። በስቶክሆልም ባቡር ደም የለበሰችውን ልጅ ሳይ እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም።

ወደፊት ጠጋ አልኩና ስለ ግንባሯ፣ ስለ ጉንጯ፣ በጀርባዋ አዝላው ስለመጣችው ድስት መንገር ጀመርኩ። ቤቴ በር ድረስ አላቆምኩም።