በጉም ውስጥ ኩታዬን የያዘኝ

የቄስ ትምህርቴን ጥዬ ከነጋዴ ጋር መዞር ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከባልንጀራዬ ከአህመድ ጋር በአንዲት በቅሎ አሞሌ ጨው ጭነን፣ ዝናብ እንዳያሟሟው በቁርበት ሸፍነን፣ ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር እንወጣለን። ወሩ ነሐሴ ነው። መንገዱ ያሟልጫል፤ ጉሙ የገዛ እግሬን እንኳ ጋርዶብኛል፤ በስተቀኝ ገደል ነው። እዚያ ቦታ ሲደረስ ሰው አይናገርም፤ ድምፅ ናዳ ያወርዳል ይባላል። እኔ የበቅሎዋን ጭራ ያዝኩ፤ አህመድ ደግሞ ከኋላዬ በወገቤ የታጠቅሁትን ኩታ ጫፍ ጨበጠ።

«ስትወድቅ ኩታዬን ልቀቅ፤ አዲስ ነው» አልኩት ገና ሳንገባ።

«ኢንሻ አላህ አንተ ትቀድመኛለህ» አለኝ።

ከዚያ ወደ ገደሉ መንገድ ገባን።

መሃል ላይ አዳለጠኝና ጭራው ከእጄ አመለጠ፤ እግሮቼ ገደሉ ላይ ተንጠለጠሉ። «እመብርሃን ድረሽልኝ» አልኩ በልቤ። ኩታዬ ከኋላ ተወጥሮ ያዘኝ፤ እሱን ተማምኜ በጉልበቴ ወጣሁ። ሞቅ ያለ ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ፣ ይህ ልጅ ለካ ወንድሜ ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

አፋፉ ላይ ስደርስ አህመድ ብቻዋን ቀድማ የወጣችውን በቅሏችንን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«አንተ፣ በየት ቀደምከኝ?»

«ገና ስንገባ ልቤ ከዳኝ፤ ለቅቄህ በላይኛው አቋራጭ ዞርኩ። ጮኼ እንዳልነግርህ ናዳውን ፈራሁ» አለኝ።

ኩታዬ ግን አሁንም እንደተወጠረ ነው። ቀስ ብዬ ዞርኩ። ጫፉ የአንዲት የማናውቃት በቅሎ ልጓም ውስጥ ተጠላልፏል። በቅሎዋ ኮርቻ ተጭናለች፤ ኮርቻው ላይ ሰው የለም።