ዛፎቹ ያርፋሉ ብዬ

የሌላ ሰው አፍ ሆኜ ነው የምኖረው። አስተርጓሚ ነኝ። ሆስፒታል፣ የስደተኞች ችሎት፣ የትምህርት ቤት ስብሰባ፣ የጠሩኝ ቦታ ሁሉ ሄጄ አንዱ ያለውን ለሌላው እላለሁ። በዚህ ሥራዬ ኩራተኛ ነበርኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዷ ጠጋ ብላ «ነገ አፖይንትመንት አለኝ፤ ኪኒኑን እንዳቆምኩ ለዶክተሩ እንዳትነግሪው» ካለችኝ፣ «አንቺ ከተናገርሽው እናገረዋለሁ፤ ካልፈለግሽ አንቺው ዝም በይ» እላታለሁ። ሴቶቹ በጀርባዬ ደረቅ ይሉኛል። ሰምቻለሁ፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን የምጽፈው ያ ድርቀት የከዳኝን ቀን ነው፤ ስጽፈውም ፊቴ ይቃጠላል።

በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን፣ እዚህ ካናዳ ዌስተን በሚባል ሰፈር ካለ አንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት ደወሉልኝ። ለሳሙናና ለሽቶ የሚሆን ሙጫ ከየአገሩ እየገዙ የሚያመጡ ናቸው። ከሚገዙት አንዱ የእኛ አገር ዕጣን ነው፤ የሚያቀርብላቸውም በሰሜን ምዕራብ ቆላ ያለ የገበሬዎች ማኅበር ነው። ውል ለማደስ የማኅበሩ ሊቀ መንበርና እንግሊዝኛ የሚችለው ባለሙያቸው ተጋብዘው ነበር። ባለሙያው ቪዛ ሳያገኝ ቀረና ሽማግሌው ሊቀ መንበር ብቻቸውን መጡ። እኔን ለሁለት ቀን ቡክ አደረጉኝ።

በመጀመሪያው ቀን ሥራ አልነበረንም። ሽማግሌው የሆቴሉን ምግብ እንዳልነኩ ስሰማ በሰብዌይ ባቡር የአበሻ ምግብ ቤት ወዳለበት ብሉር ጎዳና ወሰድኳቸው። ሁዳዴ ስለነበር ሽሮና ጎመን አዘዝን። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ቀጭን፣ ቶሎ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከዕጣን ዛፍ ጋር ነው የኖሩት። ግንዱን በትንሽ መጥረቢያ በስሱ እንደሚፍቁት፣ ከቁስሉ ነጭ ሙጫ እንደሚያነባ፣ ሲደርቅ ተመልሰው እንደሚለቅሙት በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ። ከምግብ ቤቱ ስንወጣ መንገድ ዳር ያለ አንድ የሜፕል ዛፍ አጠገብ ቆሙና መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ።

«ይሄስ ምን ይሰጣል?»

«ልክ በዚህ ሰሞን ይበሱትና ውሃው ይወርዳል፤ ያንን አፍልተው ጣፋጭ ሲረፕ ያወጡታል።»

«አንዱን ዛፍ ስንት ቦታ ይበሱታል?»

«እኔ ምን አውቄ አባቴ! ከግሮሰሪ ነው የምገዛው።»

ሳቁብኝ። ከዚያ «ሰዉ አደራ ብሎ ነው የላከኝ። ስለ ዛፎቹ የምናገረው አለኝ» አሉ። ምንድን ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ምክር ጀመርኩ። እዚህ አገር ሰው ፊት ድካም አይወራም፣ ጥንካሬ ነው የሚወራው፣ እኔም ስንት ኢንተርቪው ያለፍኩት እንዲህ ነው እያልኩ እስከ ሆቴላቸው ድረስ ስለ ራሴ አወራሁ። «እሺ ልጄ» ይሉኝ ነበር በየመሃሉ። እሺ ያሉት ለጨዋነት እንደሆነ አሁን ይገባኛል።

በማግስቱ በድርጅቱ ቢሮ አራት ሆነን ተቀመጥን፦ ገዥዋ፣ የተባለውን ሁሉ በላፕቶፕ የሚጽፍ ሠራተኛዋ፣ ሽማግሌውና እኔ። ገዥዋ ሽበት የጀመራት፣ በዝግታ የምትናገር ሴት ናት። የንግዱ ደንብ እየጠበቀ ነው አለች። ዛፉ እንዴት እንደተያዘ የሚያሳይ ማስረጃ የሌለው ጭነት ወደፊት ወደብ ላይ ሊመለስ ይችላል። «ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ዛፎቹ ያርፋሉ ወይ?» አለች። ይህን ቃል በቃል ነገርኳቸው።

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«እንዲህ በያት ልጄ። በእኔ ጎልማሳነት አንድ ዛፍ ጥቂት ቦታ ይፋቃል፣ ጥቂት ዓመት ይሰጠናል፣ ከዚያ ይተዋል። ቁስሉ እስኪድን ማንም አይነካውም። ዛሬ ግን አይተውም። ዋጋው ወረደ፤ በዋጋ ያጣነውን በመጥረቢያ እንፈልገው ጀመር። ግንዱ ላይ ቦታ እስኪጠፋ እንፍቀዋለን። ትልልቆቹን ነፋስ እየጣላቸው ነው። የሚተካ ደግሞ የለም፤ ቡቃያውን ከብት ይግጠዋል፣ ከከብት የተረፈውን እሳት ይበላዋል። ሌላ ማንም አይደለም፣ እኛው ነን ያደከምናቸው።»

ሌላም ሊጨምሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር። እኔ ግን እጄን አነሳሁ። አስተርጓሚ ንግግሩ ሲረዝምበት እንዲያ ያደርጋል፤ ያስቆምና የሰማውን ያደርሳል። እሳቸውም ታዘዙኝ።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ሳልደብቅ ልጻፈው። መጀመሪያ፣ እኚህ ሰው በገዛ አፋቸው ራሳቸውን አሰሩ አልኩ። ጭነታቸው ሊመለስ ነው፣ ባዶ እጃቸውን ሊገቡ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ራሴን በመጠኑም ቢሆን ይቅር እል ነበር። ከሥሩ ሌላ ነገር ነበር። እዚህ አገር እንደመጣሁ ጽዳት ስሠራ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከየት እንደመጣሁ ጠይቃኝ ስነግራት ሳንድዊቿን ለሁለት ገምሳ ሰጠችኝ። ጠግቤ ነበር። ቢሆንም ተቀበልኩና እያመሰገንኩ በላሁት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፈረንጅ ፊት የአገሬ ስም በተነሳ ቁጥር ወሬ ለመለወጥ እቸኩላለሁ። አሁን ደግሞ ዛፋቸውን በገዛ እጃቸው የጨረሱ ሰዎች ልንባል ነው። ገመናችንን ልሸፍን አልኩ። ማን ሸፍኚ አለኝ?

በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፦ ዛፎቹ በአባቶች ልማድ መሠረት በየተራ ያርፋሉ። ሽማግሌዎች ይቆጣጠራሉ። ቡቃያውም ይጠበቃል።

ሠራተኛዋ በላፕቶፑ ጻፈው። ገዥዋ ሽማግሌውን ትንሽ አየት አደረገቻቸው። እሳቸው መርዶ የነገሩ ሰው መስለው መሬት መሬት ያያሉ፤ እኔ የተናገርኩት ደግሞ ደስ የሚል ወሬ ነው። ሳይከነክናት አልቀረም። «የሚጨምሩት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። ይህንን በትክክል ተረጎምኩላቸው።

«ያልኩትን ከሰማች ይበቃል» አሉኝ። «ልመና አልወድም። ችግሩን ካወቀች፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እሷ ታውቃለች።»

እኔም «የለም፣ አመሰግናለሁ ይላሉ» አልኩ። ውሉ እንደ ድሮው ታደሰ፤ ፈረሙ፣ ተጨባበጡ።

ሊፍት ውስጥ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ደስ ብሏታል።»

«ደስ አላት?» ደንገጥ ብለው አዩኝ።

«ማለቴ… እናስብበታለን ብላለች።»

«እግዜር ይስጣት። ያን ሁሉ ስነግራት ፊቷ እንኳ አልተለወጠም፤ ጨዋ ሴት ናት» አሉ። አንድ ውሸት ብቻዋን አታድርም፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ሆኑ። ያን ቀን ሴንት ጄምስ ታውን ያለችው አፓርታማዬ ስገባ ምን ተሰማኝ? ኩራት። ለወገኔ ደረስኩለት ብዬ ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ያ ሻይ ነው።

መስከረም ላይ ድርጅቱ ለማኅበሩ የሚላክ ደብዳቤ ወደ አማርኛ እንድመልስ ላከልኝ። የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩት። ድርጅቱ ለደከሙ ዛፎች የመደበው ድጋፍ እንዳለው ይናገራል፦ ከሚገዛቸው ማኅበራት ዛፎቻቸው የተጎዱባቸውን ይመርጥና ግማሹን ዛፍ ለጥቂት ዓመታት ሳይነኩት እንዲያሳርፉ፣ ከከብትና ከእሳትም እንዲጠብቁ ገቢያቸውን ይተካል። ከዚያ ቀጥሎ «ሊቀ መንበርዎ በቃላቸው እንዳረጋገጡልን የእናንተ ዛፎች በየተራ የሚያርፉ በመሆናቸው፣ ድጋፉ ለሌላ አገር ማኅበር ተሰጥቷል። ስለ መልካም አያያዛችሁ እናመሰግናለን» ይላል።

አራቴ አነበብኩት። ሽማግሌው ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ይህንኑ ድጋፍ የሚያስገኘውን አንድ እውነት ለመናገር ነበር። ተናገሩትም። እኔ ነኝ መሃል ላይ ያስቀረሁት።

በየሳምንቱ የምትጠይቀኝ ልጄ ያን ቀን መጥታ ነበር። ፊቴን አይታ «ማሚ፣ ዋት ሃፕንድ?» አለችኝ። ነገርኳት። ይፈርዱብኛል ብዬ ከምፈራቸው ሰዎች አንደኛዋ እሷ ናት።

«ሶ ዩ ላይድ፤ ዋሸሽ ማለት ነዋ» አለች። «ለምን ግን? ጀስት ኮል ዜም፤ ደውዪላቸው።»

«ኮል አደርጋለሁ» አልኩ።

አልደወልኩም። ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፦ ደብዳቤውን አሳምሬ ተረጎምኩት። አንቱታው ሳይጓደል፣ ነጥቡ ሳይዛነፍ፣ እሳቸው ያላሉትን ቃል በእሳቸው ስም በጥሩ አማርኛ ጽፌ ላክሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የታመነ ትርጉም ሠርቼ አላውቅም።

ወደ ዌስተን የሄድኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ለገዥዋ ቆሜ ነገርኳት፤ ተቀመጪ ብትለኝም አልተቀመጥኩም። አልጮኸችም። አባቷ የሜፕል ገበሬ እንደነበር፣ አንድ ክፉ ዓመት ዕዳ ይዞት ዛፎቹን ከልክ በላይ በስቷቸው ግማሹ እንደደረቀበት ነገረችኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰምታ የምትንቅ ሴት አልነበረችም። የዘንድሮው ድጋፍ ተሰጥቶ አልቋል፤ ለከርሞ ግን ሰው ልካ ዛፎቹን እንደምታስመረምር ቃል ገባች። ከዚያ «እሳቸው ራሳቸው ያላፈሩበትን አንቺ ለምን አፈርሽበት?» ብላ ጠየቀችኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ሌላ ጊዜ እንደማይጠሩኝ ገባኝ፤ ተገቢ ነው።

የቀረኝ ሽማግሌው ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ደወልኩ። ድምፄን ሲሰሙ «የካናዳዋ ልጄ!» ብለው ደስ አላቸው። ደስታቸው ሳያልቅ ልናገር ብዬ በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት፦ ያሉትን አልተረጎምኩም፣ ተቃራኒውን ነው የተናገርኩት፣ ድጋፉ የቀረው በእኔ ነው፣ ለገዥዋ ነግሬያታለሁ፣ ለከርሞ ያዩታል።

ከኋላቸው ፍየል ይሰማል።

«ወረቀቱ በጉባኤ ሲነበብ ገብቶኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሰዉ ተቆጣ። ስለ ዛፎቹ ድካም ንገር ብለን ብንልክህ ደህና ናቸው ብለህ መጣህ አሉኝ። ለከርሞ ይታያል ማለትሽ ደግ ነው። ዘንድሮ ግን መፋቁ ተጀምሯል፤ ልጆች ይበላሉ መቼም።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«አርጅቻለሁ፣ አገሩም ግራ አጋባኝ፣ አፌ ተሳሳተ አልኳቸው። ሊቀ መንበርነቱን ለወጣት ለቀቅሁ።»

«ለምን አባቴ? እኔ እኮ ነኝ! አስተርጓሚዋ ናት አይሉም?»

«አንቺ በሰው አገር የምትበዪው በዚሁ በአፍሽ አይደል? አስተርጓሚዋ ዋሸች ተብሎ በአገር ቢወራ ማን ይጠራሻል? እኔን ሽማግሌ ነው ብለው ይተውኛል።»

«አይሆንም። ለጉባኤው ደብዳቤ እጽፋለሁ። ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

«ተይው ልጄ። እንዳትጽፊ። አመኑኝ እኮ።»

እኔም አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁት። ደብዳቤውን አልጻፍኩም።