ከአናቱ ጀምሪ

እኔ ቍጡ ሰው ነኝ። ለንስሐ አባቴ ደጋግሜ ነግሬ፣ ቀኖና ተቀብዬ፣ ስግደቱን ፈጽሜ ከምንጣፉ ስነሣ ቍጣዬም አብሮኝ ይነሣል። በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በደማም በኖርሁባቸው ዓመታት ያስቈጡኝ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ በርደውልኛል። በአንዲት ሴት ላይ የተቈጣሁት ቍጣ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም፤ በእርስዋ ላይ ይሁን በራሴ ላይ መለየትም አቅቶኛል።

አል አዳማ በሚባለው ሰፈር የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ዘበኛ ነበርሁ። በወጣትነቴ ዜማ ቤት ገብቼ ድጓ የተማርሁ ስለ ሆነ፣ በዚያ የሚኖሩ የሀገሬ ልጆች «የኔታ» ይሉኝ ነበር። ዓርብ ዓርብ የሀገሩ ሰው ለጁምዓ ጸሎት ወጥቶ መንገዱ ጭር ሲል፣ በሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ በሚኖር አንድ የኤሲ፣ የቤት ማቀዝቀዣ፣ ጠጋኝ ቤት ጥቂት ሆነን ተሰብስበን እንጸልያለን። ድምፃችን ወደ ውጭ እንዳይሰማ እንጠነቀቅ ነበር። ጠጋኙ የሰውን ሁሉ ኤሲ ሲያስተካክል እየዋለ፣ የራሱን ግን እንደ ወፍጮ እንዲጮኽ ትቶታል። ሴቶቹ «ኧረ ይሄን ነገር ሥራው፣ ጆሯችን ደነቈረ እኮ!» ሲሉት፣ «እሱ ዝም ያለ ቀን እኛ ነን የምንጮኸው» ይላቸዋል።

አንድ ዓመት የጽጌ ጾም ከመግባቱ አስቀድሞ፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን የሚያስታውስ ተውኔት ጻፍሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዜማ የሚፈስ እንጂ አንድም ቃል በንግግር የሚባልበት አልነበረም። እመቤታችንን በሰው መስሎ ማሳየት ስላስፈራኝ፣ የስደቱን ኀዘን ሕፃኗን ከሄሮድስ ጭፍሮች ለማዳን ለምትሸሽ ለአንዲት የቤተ ልሔም እናት ሰጠኋት። ሄሮድስ ጠጋኙ ሆነ፤ ከፎከረ በኋላም ተቀምጦ ከበሮውን የሚመታው እርሱ ነው። ከበሮ ያልሁት የታጠፈ ፍራሽ ነው። ጸናጽላችን የሕንፃው ቍልፎች፣ መቋሚያዬም የመወልወያው እንጨት ነበር። ሦስት ሴቶች ተቀባዮች ሆኑ። ለቍስቋም በዓል በሚቀርበው ዓርብ ልናቀርበው ተስማማን።

ከተቀባዮቹ አንዲቱ፣ ቀድሞ ሊባኖሳዊት ማዳም ዘንድ ያገለገለች ቀልደኛ፣ በመጀመሪያው ልምምድ ላይ «የኔታ፣ ይሄ እኮ ኦፔራ ነው» አለችኝ።

«ኦፔራ ምንድን ነው?»

«ማዳሜ በቴሌቪዥን ታየው ነበር። ሰዎቹ ጨርሶ አያወሩም። ሲጣሉም ይዘፍናሉ፤ በጩቤ የተወጋው ራሱ ግማሽ ሰዓት ዘፍኖ ነው የሚሞተው።»

«እኛ አንዘፍንም!» ብዬ በመወልወያው እንጨት ወለሉን መታሁ።

«እሺ የኔታ። ግን ሄሮድስ ሲሞት ያሳጥርልን፤ ሾፌር ይጠብቀኛል።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

የእናቲቱን ክፍል የሰጠሁት ከላስታ ለመጣች ሴት ነበር። በጎረቤት ከተማ በኾበር፣ አል ራዋቢ በሚባል ሰፈር ባለ ቪላ ትሠራለች። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ የቤቱ ሰዎች አያት ቤት ለምሳ ሲሄዱ፣ የቤቱ ሾፌር ወደ ደማም ያመጣታል። ታች ቆሞ ይጠብቅና ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ሲነፋ ትወርዳለች፤ ከእኛ ጋር የምትቆየው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም ነበር። ከላይ የደረበችውን ጥቁር አባያ ሳታወልቅ፣ እጅዋ በረኪና እየሸተተ ቆማ ትጀምራለች። ድምፅዋን ለመግለጽ አልደፍርም፤ ያን ድምፅ የሰጠ እርሱ ያውቀዋል።

እኔ ደግሞ የማውቀው አንድ የማስተማሪያ መንገድ ብቻ ነበር። በዜማ ቤት ተማሪ ሲሳሳት መምህሩ ያጨበጭባል፤ ተማሪውም የተሳሳተባትን ቃል ብቻ አርሞ አያልፍም፤ ተመልሶ ከአናቱ ይጀምራል። እኔ ራሴ በአንዲት ምዕራፍ ላይ እየተጨበጨበብኝ ክረምቱ ገብቶ ወጥቶብኛል። በዚያ ጊዜ ግን ቀኑ ሙሉ የእኔ ነበር፤ ታች ቆሞ ጥሩምባ የሚነፋብኝም አልነበረም። ይህን ልዩነት አላሰብሁትም። አለማሰቤ ያናድደኛል።

ክፍልዋ ዐሥራ ሁለት ስንኝ ነው፤ በአራራይ፣ ልብ በሚያራራው ዜማ፣ እየተሳበ ስለሚዜም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ሦስተኛው ስንኝ «የወለድሁበትን ቤት ደጁን ሳልዘጋ ወጣሁ» የሚል ነበር። «ሳልዘጋ» ከሚለው ላይ ዜማው ዝቅ ብሎ፣ እንደ ደከመ ሰው ማረፍ ይገባዋል፤ እንዲህ ነው የሠራሁት። እርስዋ ግን ከዚያ ስትደርስ ከፍ ታደርገዋለች፤ በሀገርዋ አልቃሽ ደረትዋን እየመታች እንደምታወጣው ያለ አወጣጥ ነበር።

አጨበጨብሁ። «ከአናቱ ጀምሪ!»

ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ያው ሆነ። አጨበጨብሁ።

«ይህ የልቅሶ ቤት ነው እንጂ ዜማ አይደለም! ከአናቱ!»

«እሺ፣ የኔታ።»

እንዲህ እያልን ሰዓቱ ያልቃል። ጥሩምባው ሁለት ጊዜ ይጮኻል። አንዳንድ ቀን ሦስተኛውን አስተካክላ ትወጣና አምስተኛው ወይም ሰባተኛው ላይ ትስታለች፤ ያን ጊዜም እጄ አይምርም። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጣች፤ የመጨረሻውን ስንኝ ከአፍዋ አንድ ጊዜ እንኳ አልሰማሁትም።

በሦስተኛው ቀን ጠጋኙ ፍራሹን መምታት ትቶ «የኔታ፣ እባክዎን አንድ ጊዜ ትጨርሰውና ከዚያ ያርሟት» አለኝ።

«አንተ ሄሮድስህን ያዝ!»

«ሄሮድስ እንኳ እንዲህ አልጨከነም እኮ።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። እርስዋ ግን አልሳቀችም። «የኔታ፣ ሦስተኛዋን ይለፉልኝ» አለች። «ትቻት የመጣኋት ልጅ አለችኝ። ስወጣ ተኝታ ነበር፤ እንዳትነቃብኝ ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌው ነው የሄድሁት። እዚያ ጋ ስደርስ እንዲያ ነው የሚወጣኝ፤ ሌላ ማፊ፣ የለኝም።»

ማንኛውም ክርስቲያን በዚያ ዝም ይላል። እኔ ግን «ዜማ በአንቺ ልጅ አይለካም፤ ከአናቱ ጀምሪ» አልሁ።

አልጀመረችም። ሻርፕዋን አጠበቀች። ጥሩምባው ሳይነፋ ደረጃውን ወረደች፤ ሾፌሩ እስኪነሣ ድረስ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ እንደ ቆየች ከመስኮቱ አየሁ። ወርጄ ላናግራት እችል ነበር። የሕንፃው በር የሚጠበቀው በእኔ ነው፤ በዚያ በር በቀን መቶ ጊዜ እወርዳለሁ። አልወረድሁም፤ ተማሪ በመምህሩ ላይ ተነሥቶ ይሄዳል ወይ ብዬ ስንገበገብ ነበርና።

ከሳምንት በኋላ ለጠጋኙ ደወለች። ኹሩጅዋ፣ የመውጫ ቪዛዋ፣ ተመትቶአል፤ ውልዋን ስለ ጨረሰች ለዘለቄታው ወደ ሀገርዋ መሄድዋ ነው። የምትሠራበት ቤት ማዳም በሚቀጥለው ወር ትሄጃለሽ ብላት የነበረውን ትታ፣ ትኬቱን ከእኛ ዓርብ በማግስቱ ላለው ቅዳሜ ቈርጣዋለች። ቢሆንም ዓርቡን እመጣለሁ አለች። «ለየኔታ ንገርልኝ፣ እስከ መጨረሻው ሳልዘምረው አልሄድም» ማለትዋን ሲነግረኝ በልቤ ደስ አለኝ፤ በአፌ ግን «እንግዲያስ ሦስተኛውን አስተካክላ ትምጣ» አልሁ።

ዓርቡ ደረሰ። ቍልፎቹን አወለወልሁ። ሴቶቹ ነጭ ለብሰው ተቀመጡ፤ ሄሮድስ የአልጋ ልብስ ተከናንቦ ፎከረ። የእናቲቱ ተራ ሲደርስ እርስዋ አልመጣችም። ጠበቅን። ከጎዳናው ጥሩምባ በተሰማ ቍጥር አንዲቱ ወደ መስኮቱ ትሮጣለች። እኔ በሾፌሩ ተቈጣሁ፤ በማዳም ተቈጣሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ቃልዋን አጠፈች ብዬ በእርስዋ ተቈጣሁ።

የጠጋኙ ስልክ ጮኸ።

«እንግዳ መጥቶ ቤቱ ሙሉ ነው፤ መውጣት ተከለከልሁ» አለች። «ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነኝ፤ ማሽኑን ከፍቼዋለሁ፣ አይሰሙኝም። የኔታ አሉ?»

«አሉ፤ ተኰሳትረዋል» አለ ጠጋኙ።

«ደግ፤ ደህና ናቸው ማለት ነው። ስልኩን ድስት ውስጥ አድርገው፤ ለሁሉም ይሰማል።»

ብረት ድስት ከማድቤት መጣ። ስልኩን ከውስጡ አኖረው፤ ዙሪያውን ተንበረከክን። ጠጋኙ ተነሥቶ ያን የሚያጓራ ኤሲ አጠፋው፤ በዚያ ቤት ጸጥታ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከድስቱ ውስጥ የማጠቢያው ማሽን ሲሽከረከር፣ ከዚያም በላይ ድምፅዋ መጣ። አንደኛው ስንኝ እንከን የለውም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ፣ «ሳልዘጋ» ከሚለው ላይ፣ እንደ ቀድሞው ከፍ አደረገችው።

እጄ ከእኔ ቀድሞ አጨበጨበ።

ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። ከድስቱ ውስጥ ማሽኑ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያም «ዛሬ አልመለስም፣ የኔታ» አለች። «ከፈለጉ ያጨብጭቡ።»

ቀጠለች። አራተኛውን አለፈች። ሰባተኛው ላይ ደግማ ሳተች፤ እጆቼን በብብቴ ውስጥ ወትፌ ያዝሁ። ዐሥረኛው ላይ ከሩቅ የሴት ድምፅ በዐረብኛ ተጣራ፤ «ያላ! ያላ!»፣ ቶሎ በይ የሚል ነበር። አልቈመችም። «ደርሰን እንደ ሆነ ንገሩን፤ እግራችን መሬቱን አያውቅምና» የሚለውን የመጨረሻውን ስንኝ፣ ራሴ ጽፌው ከሰው አፍ ሰምቼው የማላውቀውን፣ ያን ጊዜ ሰማሁት። በር ሲከፈት ተሰማ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ደህና ሁኚ አላልኋትም። ወዲያው መልሼ ብደውል ማዳም እጅ ላይ ይጥላታል ብዬ ተውሁት፤ በማግስቱ ስደውል የተቀዳ የሴት ድምፅ ስልኩ ዝግ እንደ ሆነ በዐረብኛ ነገረኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ተቀባዮቹ ስንኞቹን በኅብረት እንዲያዜሙ አደረግሁ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሦስቱም እንደ እርስዋ ከፍ አደረጉት። «ከአናቱ!» አልኋቸው። ከአናቱ ጀመሩና ያንኑ ደገሙት። ቀልደኛዋ «እኛ ሌላ አናውቅም፣ የኔታ፤ ተጨርሶ የሰማነው ይሄን ብቻ ነው» አለችኝ። ወደ ክፍሌ ወርጄ በሩን በኃይል ዘጋሁት።

ደብተሬን አወጣሁ። በሦስተኛው ስንኝ ላይ እኔ ያኖርሁት የዜማ ምልክት አለ። አሁንም ትክክሉ እርሱ ነው፤ ማንም ሊቅ ቢመጣ ይመሰክርልኛል። አልሰረዝሁትም። ከበላዩ ግን ጠባብ ቦታ ነበረች፤ በዚያች ላይ በቀይ ብዕር የእርስዋን አወጣጥ ምልክት በምልክት ጻፍሁት፤ ብዕሩን በቍጣ ከመጫኔ የተነሣ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ።