መብራት ሲጠፋ የፈጠነው ላፕቶፕ

ዛሬ መካነ ሰላም መብራት ሲጠፋ ላፕቶፔ ፈጠነ። ወር ሙሉ ሲንቀራፈፍ የከረመው፣ በባትሪው ብቻ ሲቀር እንደ አዲስ ሆነ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የድሮው ቻርጀር ተቃጥሎ ከደሴ የገዛሁትን ሌላ ቻርጀር ላፕቶፑ አላወቀውም። እሱ በተሰካ ቁጥር ፕሮሰሰሩን ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ይይዘዋል። ነቅሎ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር።

እኔ ግን ጠዋት ፎርማት አድርጌዋለሁ፤ ያም ሆኖ አልፈጠነም ነበር። እኛ ዘንድ ላፕቶፕ ካስነጠሰ መድኃኒቱ ፎርማት ነው።

ውስጡ የአባቴ መንዙማ ነበር። ቁርኣን አስተማሪ ነበሩ፤ ከመሞታቸው በፊት የቀዳኋቸው እኔው ነኝ። ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ስከፍተው ያለው የተማሪዎቼ ፈተና ብቻ ነው።

ፎርማት ያደረግሁትም ለእማዬ ብዬ ነበር። በየጁምዓው ታዳምጣቸዋለች። ሰሞኑን ድምፃቸው ሲቆራረጥባት "ይሄ ዕቃ ሸሁን አነቃቸው እኮ" ስትል አንጀቴን በላችኝ።

ቅድም መጥታ "ተሠራልህ?" አለችኝ።

"ተሠርቷል እማዬ፤ ባትሪው አልቆ ነው፣ መብራት ይምጣ" አልኳት። ዋሸኋት።

"ኢንሻአላህ ሲመጣ እንሰማቸዋለን" ብላ አጠገቤ ተቀመጠች።

አባቴን በሞባይላችሁ የቀዳችሁ፣ ከአጅባርም ሁኑ ከወረኢሉ፣ እባካችሁ ላኩልኝ። እንዲህ በገዛ እጃችሁ ያጠፋችሁም ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ለእናታችሁ እንዴት ብላችሁ ነገራችሁ?

መብራቱ አሁን መጣ።