የተደፈነው ቦይ

ይህን ለንስሐ አባቴም እንኳ አልተናገርሁም። የምጽፈው ከሁለት ምንጭ ነው፤ በዚያ ዘመን ከያዝሁት አንድ ደብተርና ብዙም ከማላምነው ትዝታዬ። ደብተሩ የተናገርሁትን እንጂ ዝም ያልሁትን አልመዘገበም። ስለዚህ ቃላቱ ሊዛነፉ ይችላሉ፤ በደሉ ግን አይዛነፍም።

አያ ሁሴን በቆቦ ቆላ በጎርፍ ማሽላ የሚያመርት የወጣትነት ወዳጄ ነበር። ነጭ የደም ሴሎቹ ያለ ልክ የሚበዙበት ካንሰር ሲይዘው፣ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘለት። ባዮኬሚስትሪ ያስተማርሁ ነኝና ነገሩን እንዳስረዳው ለመነኝ። በሴል ውስጥ ኪኔዝ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ «ተባዛ» የሚለውን መልእክት ያስተላልፋል፣ ጥሪ ሲመጣ ይነቃል፣ ጥሪው ሲያበቃ ያርፋል። በእርሱ ደም ውስጥ ግን ማረፍ የማያውቅ ኪኔዝ ተፈጥሮ ነበር። ይህን በምን ልንገረው?

«ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሳህ የሚያስገባውን ቦይ አስብ» አልሁት። «ያንተ ቦይ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ኪኒኑ ይደፍነዋል።»

«ተው እንጂ መምህር!» ብሎ ሳቀ። «ይኼን ሁሉ ዘመን የተማርኸው የእኛኑ የጎርፍ ሥራ ነው?»

ምሳሌው አኮራኝ።

ዓመት ሳይሞላ የደም ምርመራው ተስተካከለ። ሽማግሌዎች ለዱዓ በተሰበሰቡበት የምስጋና ወዳጃ ምሳሌዬን ደገመላቸው፤ እነርሱም አሞገሱኝ። ከዚያ «ቦዩ እንግዲህ ተደፍኗል፣ አልሐምዱሊላህ። ማሳው ከጠጣ በኋላ የቦዩን አፍ ማን ቆሞ ይጠብቃል? ኪኒኑም ይበቃኛል» አለ።

የራያ ገበሬ ልክ ነው፤ በአፈርና በቅርንጫፍ የተደፈነ ቦይ እስከሚቀጥለው ጎርፍ ጠባቂ አይሻም። የደሙ ጎርፍ ግን ወቅት አልነበረውም፤ ኪኒኑም በየማለዳው ተተክቶ የሚቆም ዘበኛ እንጂ አፈር አልነበረም። እኔ ይህን አውቅ ነበር። እዚያው ተቀምጬ አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አልሁ? የተሞገሰው ምሳሌዬ ጎደሎ መሆኑን በሰው ፊት ለማመን አፍሬ ነው። ነገ ለብቻው እነግረዋለሁ አልሁ። ነገ ስንት ጊዜ መጣ? ጎብዬ ገበያ ስሄድ በደጁ አለፍሁ፤ ስመለስም አለፍሁ። አልነገርሁትም።

በሽታው ተመልሶ ሲጥለው፣ ሐኪሙ ኪኒኑን ለምን እንዳቆመ ሲጠይቀው አጠገቡ ነበርሁ። ዞሮ አየኝ። «መምህር፣ በወዳጃው ቀን ኪኒኑ ይበቃኛል ስል ሰምተኸኝ አልነበር?»

«አልሰማሁም» አልሁት። ከዝምታዬ ይልቅ እኔን የሚከስሰኝ ይህ ቃል ነው። ወዳጄን ሁለት ጊዜ ከዳሁት፤ አንድ ጊዜ ዝም ብዬ፣ አንድ ጊዜ ተናግሬ። ምክንያት አላቀርብም።

በሞተበት ቀን «መምህር አልሰማም ነበርና አትውቀሱት» ብሎ እንደ ተናዘዘ ባለቤቱ ዘሐራ ነግራኛለች። ሴት ልጁ ደግሞ በዚያ ቀን አንደበቱ ከተዘጋ ሁለት ቀን አልፎት ነበር ትላለች። የትኛዋ ልክ እንደ ሆነች አላረጋገጥሁም። ብሎ ከሆነ ውሸቴን አምኖ ተቀብሯል፤ ካላለ ግን መስማቴን እያወቀ።