ያልተመለሰው መጽሐፍ

አሳታሚው ረቂቄን የመለሰልኝ ሻይ ጋብዞ ነው፤ ይህን ውለታ አልክድም። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ ተንገላትቼ ሄጄ የሰማሁት ግን ይህንን ነበር፦

«መምህር፣ አጻጻፍዎ ደስ ይላል። ችግሩ፣ ሰዎችዎ ገበያ መሀል ቆመው ግማሹን ወሬ በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት። የዚህ አገር አንባቢ ግራ ይገባዋል። እሱን አውጥተው ያምጡልኝና እናሳትመዋለን።»

ደሜ ፈላ። እናቴ በጎጃም አማርኛ እየተቆጣች፣ አባቴ በኦሮምኛ እያባበለ ነው ያሳደጉኝ። አውጣ የተባልኩት የቤቴን ንግግር ነው።

ቢሆንም አሳታሚ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለምና ሞከርኩት። የገበያውን ምዕራፍ እንደታዘዝኩት እንደገና ጻፍኩና ለባለቤቴ ሰጠኋት። ጥቂት አንብባ ቀና አለች።

«ይቺ በቆሎ ሻጭ ሬዲዮ ጣቢያ ነው እንዴ የምትሠራው?»

ተሳሳቅን። ከዚያ ኮስተር ብላ «በራሳችን እናሳትመው» አለችኝ። ለግቢው አጥር ያጠራቀምነው ገንዘብ ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ፤ አጥራችን እስካሁን ቆርቆሮና እሾህ ነው።

በራስ ማሳተም ማለት ደራሲም፣ አራሚም፣ ተሸካሚም፣ ሻጭም መሆን ነው። ካርቶኖቹ በአውቶቡስ መጥተው ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ሞሉት፤ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው ካርቶን ላይ ሆነ። የሥራ ባልደረቦቼ «እንኳን ደስ ያለህ!» እያሉ በነፃ ወሰዱ፣ ያውም ከነፊርማዬ። የጽሕፈት መሣሪያ ቤቱ ባለቤት ሁለቱን ተቀብሎ ከደብተር ክምር ጀርባ ሸጎጣቸው። እኔም ፈራሁ። አሳታሚው ልክ ቢሆንስ? ቤቴ ላስገባው የሚል አንድ ሰው እንኳ ቢጠፋስ?

የመኸር ሰሞን ደረሰ። በዚህ ወቅት ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ገበሬው የምርቱን በኩራት፣ የመጀመሪያውን ፍሬ፣ ያመጣል፤ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ በጨረታ ይሸጣል። ያሸነፈ ሰው ከፍሎ ዕቃውን አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል፣ ለሌላ ሰው እንደገና ተሸጦ ስጦታው እንዲበረክት። መመለስ ደግነት ነው። አንዲት ዶሮ በአንድ ቀን ስንት ጌታ ትቀያይራለች!

«ያንተስ የዘንድሮ ምርት ይሄ አይደል?» አለች ባለቤቴ፣ አንዱን መጽሐፍ ከካርቶን እያወጣች።

መጽሐፌ በአንድ ዶሮና በበቆሎ ጆንያ መሀል ተቀመጠ። መጀመሪያ አንድ ነጋዴ አሸነፈ። ከፍ አድርጎ አሳየና «መልሻለሁ!» አለ። ተጨበጨበ። ቀጥሎ አንዲት ነርስ አሸነፈች። እሷም መለሰች። ባህሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ዶሮዋ ስትመለስ እኔም አጨብጭቤያለሁ። መጽሐፌ ሲመለስ ግን የአሳታሚው ሻይ ጉሮሮዬ ላይ መጣብኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀርብ፣ ዶሮዋን ከጉቶ ጊዳ ገጠር ይዘው የመጡት አሮጊት እጃቸውን አነሡ።

«ያ ኢልመ ኮ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ውስጡ ምን እንዳለ ሳልሰማ አልገዛም። እስቲ አንብብልኝ።»

የገበያውን ምዕራፍ ገለጥኩ። ኦሮምኛውን ያላወጣሁበትን ማለቴ ነው። በቆሎ ሻጯ በኦሮምኛ ሰላምታ ትጀምራለች፣ በአማርኛ ትከራከራለች፣ ስትናደድ ሁለቱንም ትደባልቃለች። መጀመሪያ አቀርቅሬ ነበር፤ ሰዉ መሳቅ ሲጀምር ቀና ብዬ አነበብኩ። አሮጊቷ ጭናቸውን መታ መታ እያደረጉ «ኩን እኮ፣ ይሄ እኮ የኛው ገበያ ነው! ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ!» አሉ። አያውቋትም፤ የፈጠርኳት እኔ ነኝ።

በእሳቸው ላይ የጨመረ አልነበረም። ከፈሉ። አጫራቹ እንደ ልማዱ መጽሐፉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

«ሂን ዴቢሱ!» ብለው ጮኹ። «አልመልስም! ዶሮዬን እንደፈለጋችሁ መላልሳችሁ ሽጡ፤ ይሄ ግን ቤቴ ይገባል።» ነጠላቸው ውስጥ ከተው ወገባቸው ላይ አሰሩት።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔ ዶሮዋ አጠገብ ቆሜ እንባዬን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ። ባለቤቴ ግን ጊዜ አላጠፋችም፤ የቀረውን ካርቶን ለማምጣት ባጃጅ እየጠራች ነበር።